«ባህል ነው» ሲባል የሚናገረው ማን ነው?

አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ሰሞን እናቴ የትምህርት ቤት ቀሚሴን እጥፋት ፈትታ አስረዘመችው። በአንድ ክረምት ቁመቴ ተመዝዞ ስለነበር ጉልበቴ መታየት ጀምሯል። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ ቀና ሳትል ስትሰፋ «ማን ምን አለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «እስካሁን ማንም ምንም አላለኝም፤ እስኪሉኝ ልጠብቅ?» ስትል መለሰችልኝ። ታጥፎ የኖረው ጨርቅ ፀሐይ ነክቶት ስለማያውቅ ከሌላው የቀሚሱ ክፍል ጠቆር ብሎ ቀረ፤ ዓመቱን በሙሉም ግርጌው ላይ አራት ጣት የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ይዤ ተመላለስኩ። ሕግ አልነበረም፣ የሚቆጣጠር ዘበኛ አልነበረም፣ እኔ የማውቀው ቅጣትም አልነበረም። ሆኖም ያ ቀሚስ የረዘመው በእኔ ፈቃድ አልነበረም፤ በእናቴ ፈቃድ ነው ለማለትም ይከብደኛል።

ስለ ሴቶች አለባበስ የሚደረግ ክርክር በሰማሁ ቁጥር ያ መስመር ትዝ ይለኛል። አንደኛው ወገን እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ የክብርና የነውር ሚዛን ስላለው ከውጭ የመጣ ሰው በራሱ ሚዛን ሊመዝነው አይገባም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሴት በሰውነቷ ላይ ያላት መብት በአገር ድንበር ወይም በአባቶች ልማድ የሚገደብ አይደለም ይላል። እኔ ሁለቱንም ወገን፣ በተለያየ ዕድሜዬ፣ በሙሉ ልቤ ደግፌ ተከራክሬያለሁ። ዛሬ የማምንበትን በግልጽ ላስቀምጥ፦ አንድን የአለባበስ ሥርዓት ስንመዝን ልብሱን ከማየታችን በፊት «አልለብስም» ወይም «አላወልቅም» ያለችው ሴት በማግስቱ ምን እንደሚደርስባት፣ የሚያደርስባትም ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባህል አንጻራዊነት የሚባለው የመጀመሪያው ወገን አቋም በመልካም ምክንያት የተወለደ ሐሳብ ነው፤ ይህን የሚዘነጉ የመብት ተሟጋቾች ያሳዝኑኛል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን የዓለምን ሕዝቦች «አረመኔ»፣ «ኋላ ቀር»፣ «ሥልጡን» እያሉ በአንድ መሰላል ላይ ደርድረው የላይኛውን እርከን ለራሳቸው ወስደው ነበር። የሥነ ሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ ባህል ጥናት፣ ምሁሩ ፍራንዝ ቦአስና ተማሪዎቹ ይህን መሰላል ለማፍረስ ዕድሜያቸውን ሰጡ። አንድ ልማድ የሚገባን በውስጡ ከሚኖሩት ሰዎች ሕይወት ጋር አያይዘን ስናየው እንደሆነ፣ የተመልካቹ ዓይንም በራሱ አስተዳደግ የተቃኘ መሆኑን አስተማሩ። ይህ ለተመልካቹ የተሰጠ የጥንቃቄ ደንብ ነው፤ ከመፍረድህ በፊት ተረዳ ይላል። ከተረዳህ በኋላ ለዘላለም ዝም በል የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም፤ ያንን የጨመሩበት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

በ1947 የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በማርቀቅ ላይ ሳለ፣ የአሜሪካ የሥነ ሰብ ማኅበር ቦርድ የቦአስ ተማሪ የነበረው ሜልቪል ሄርስኮቪትስ ያረቀቀውን አስተያየት ለአርቃቂው ኮሚሽን ልኮ ነበር። ስጋቱ የምዕራብ አውሮፓና የአሜሪካ እሴቶች ብቻ የሰው ልጅ ሁሉ መለኪያ እንዳይሆኑ ነው። አብዛኛው አፍሪካና ሰፊው የእስያ ክፍል በቅኝ ግዛት ሥር በነበረበት በዚያ ጊዜ ይህ ስጋት ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ መግለጫውን በሚያረቁት ሰዎች መካከል ምዕራባውያን ብቻ አልተቀመጡም። የእንግሊዝኛው ረቂቅ የመጀመሪያ አንቀጽ «ሰዎች ሁሉ» ለማለት የተጠቀመበት ቃል «ወንዶች ሁሉ» የሚል ትርጉምም ስለነበረው፣ «የሰው ልጆች ሁሉ» ተብሎ እንዲለወጥ አጥብቀው የተሟገቱት ሕንዳዊቷ ሐንሳ መህታ ናቸው። በጋብቻ ውስጥ የሴትና የወንድ መብት እኩል ይሁን ለሚለው አንቀጽ ከቆሙት መካከል ደግሞ ፓኪስታንን የወከሉት ሻይስታ ኢክራሙላህ ይገኙበታል። የሴቶች መብት ከምዕራብ የተጫነ ዕቃ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እነዚህን ሁለት ሴቶች አነሳለሁ። የአሜሪካ የሥነ ሰብ ማኅበርም በ1999 ሰብአዊ መብቶችን የሚደግፍ አዲስ መግለጫ አወጣ፤ በመካከሉ 52 ዓመታት አለፉ።

«ባህላችን አይፈቅድም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልብ ብላችሁ አድምጡት። በሰዋስው ባለቤቱ ባህል ነው፤ እርሱ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፣ ይቆጣል። በሕይወት ግን ባህል አፍም እጅም የለውም። በስሙ የሚናገር አንድ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልብሱን የሚለብሰው አይደለም። መስከረም 2021 ላይ፣ ታሊባን ካቡልን እንደገና በያዘ በሳምንታት ውስጥ፣ ከራስ እስከ እግር በጥቁር የተሸፈኑ ሴቶች በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተሰብስበው ለአዲሱ አገዛዝ ድጋፍ ሲያሳዩ ታየ። በቀጣዮቹ ቀናት፣ የአፍጋኒስታን ታሪክ ምሁር የሆኑት ባሃር ጃላሊ አረንጓዴ የአገራቸውን ቀሚስ ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ለቀቁ፤ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ አፍጋናውያን ሴቶችም በቀይ፣ በቢጫ፣ በወርቅማ ጥልፍና በመስታወት ያጌጡ ቀሚሶቻቸውን ለብሰው ተከተሏቸው። መልእክታቸው «ልብሴን አትንኩ» የሚል ነበር። እነዚህ ሴቶች የተሟገቱት ባህልን በመቃወም አልነበረም፤ ባህላችንን የቀማችሁን እናንተ ናችሁ ነው ያሉት። እንግዲህ የባህል አንጻራዊነትን የሚያከብር ሰው የትኛውን የአፍጋኒስታን ባህል ነው የሚያከብረው? በዝምታው ለአንደኛው ወገን እንደፈረደ ማወቅ አለበት፤ የፈረደው ደግሞ ጠብመንጃ ለያዘው ነው።

ማላዊም ይታወሰኛል። ፕሬዝዳንት ካሙዙ ባንዳ በገዙበት ዘመን፣ በ1973 በወጣ ሕግ፣ ሴቶች ሱሪና አጭር ቀሚስ እንዳይለብሱ ተከልክለው እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቆይተዋል። ምክንያቱ ጨዋነትና ልማድን መጠበቅ ነው ይባል ነበር። ፕሬዝዳንቱ ግን በአደባባይ የሚታዩት በሦስት ክፍል የእንግሊዝ ሙሉ ልብስና ባርኔጣ ነበር። ወንዱ የዘመኑን ልብስ ለብሶ የአገሩ መሪ ሲባል፣ ሴቷ ግን የባህል መዝገብ ሆና እንድትቀር ተደርጓል። ይህን የሥራ ክፍፍል በብዙ አገሮች አየዋለሁ፤ የማኅበረሰቡ ክብር በሴት ላይ ተሰፍቶ፣ ስፌቱን የመፍታት ሥልጣን ለሌላ ይሰጣል።

ጨርቁ ራሱ ምንም እንደማይነግረን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ልጨምር። በደቡብ ሕንድ፣ በትራቫንኮር ግዛት፣ ዝቅተኛ ተብለው ከተመደቡት ወገኖች የተወለዱ ሴቶች በከፍተኞቹ ፊት ደረታቸውን መሸፈን የተከለከሉ ነበሩ፤ መሸፈን ለባለ ክብሮቹ የተተወ መብት ነበር። ለአሥርት ዓመታት ታግለው፣ ልብሳቸው በገበያ መካከል እየተቀደደ፣ በ1859 የመሸፈን ፈቃድ አገኙ። ለእነዚያ ሴቶች ነፃነት ማለት አንድ ተጨማሪ ጨርቅ ነበር።

ኢራን ግን ሁለቱንም አቅጣጫ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አሳይታናለች። ጥር 1936 ላይ ንጉሡ ሬዛ ሻህ ሴቶች መሸፈኛቸውን እንዲያወልቁ አዘዙ፤ ፖሊሶችም በመንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ላይ ጨርቅ ይገፍፉ ነበር። ራሳቸውን ገልጠው መውጣት እንደ ዕርቃን የሆነባቸው ብዙ ሴቶች ለዓመታት ከቤት አልወጡም። መጋቢት 1979 ላይ ደግሞ እስላማዊው አብዮት ገና ወር ሳይሞላው መሪው አያቶላህ ሆሜይኒ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሴቶች እንዲሸፈኑ ማለታቸው ተሰማ፤ በማግስቱ፣ በዓለም አቀፉ የሴቶች ቀን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በቴህራን ጎዳናዎች ላይ ለተቃውሞ ወጡ። በ1983 ያልተሸፈነች ሴት እስከ 74 ግርፋት እንድትቀጣ ተደነገገ። አስቡት፤ በ1936 ሃያ ዓመቷ የነበረች አንዲት ሴት ፖሊስ ጨርቋን ገፍፏት፣ ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሞላት ያንኑ ጨርቅ ካልለበስሽ ትገረፊያለሽ ልትባል ትችል ነበር። ሁለቱም አገዛዞች በእርሷ ስም ተናግረዋል፤ አንደኛው በሥልጣኔ፣ ሌላው በሃይማኖት። መስከረም 2022 ላይ የ22 ዓመቷ ማህሳ አሚኒ በአለባበሷ ምክንያት ተይዛ በጥበቃ ሥር ሳለች ከሞተች በኋላ በተነሣው ንቅናቄ ውስጥ ራሳቸውን የሸፈኑ ሴቶችም ነበሩ። እነርሱ መሸፈኛቸውን ሊጥሉ አልወጡም፤ የልጅቷን ሞት ሊቃወሙ ነው የወጡት። ይህን ልዩነት የውጭ ተመልካች ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ሌላ ረጅም ጊዜ ያሰብኩበት ነገር አለ። ታሊባን ግንቦት 2022 ላይ ሴቶች በአደባባይ ፊታቸውን እንዲሸፍኑ ሲያዝ፣ ቅጣቱን በሴቷ ላይ አላደረገውም። መጀመሪያ ቤቷ ተለይቶ አባቷ ወይም ባሏ ወይም ወንድሟ ይመከራል፤ ሁለተኛ ይጠራል፤ ሦስተኛ ለሦስት ቀን ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ለፍርድ ይቀርባል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነም ሥራውን ያጣል። ይህ አሠራር ከጅራፍ የከፋ ይመስለኛል። ልጁን የሚወድ አባት፣ ከዚያ በፊት ስለ ልብሷ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ አባት፣ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ እንዲቆጣጠራት ይገደዳል። እርሷም እምቢ ብትል የምትጎዳው አባቷን ስለሆነ እምቢታዋ እንደ ክፋት ይቆጠርባታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ቤት ሲታይ የአገዛዙ ትእዛዝ አይታይም፤ የሚታየው ልጁን «ፊትሽን ሸፍኚ» የሚል አባትና የምትታዘዝ ልጅ ነው። ከውጭ የመጣው ተመልካች ይህን አይቶ «ባህላቸው ነው» ብሎ ይጽፋል። ባህል የሚባለው ነገር ስንት ጊዜ በዚህ መንገድ እንደተሠራ ማን ቆጥሮታል?

የነፃ አውጪነት ካባ የደረቡትንም ሳላነሣ አላልፍም። በግብፅ የብሪታንያ አስተዳዳሪ የነበሩት ሎርድ ክሮመር የሙስሊም ሴቶች መሸፈን የአገሪቱን ዕድገት እንዳሰረ ይጽፉ ነበር፤ አገራቸው ሲመለሱ ደግሞ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዳያገኙ የሚታገለውን የወንዶች ማኅበር በፕሬዝዳንትነት መርተዋል። በግንቦት 1958 በአልጀርስ፣ የነፃነት ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት፣ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ባዘጋጁት የአደባባይ ሥነ ሥርዓት አልጄሪያውያት ሴቶች መሸፈኛቸውን እንዲያወልቁ ተደርጓል። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለፈ ሕዝብ «ሴቶቻችሁን ነፃ እናውጣ» ሲባል ቢጠራጠር ምን ይገርማል? ብዙ ሴቶች ወራሪውን ለመቃወም ሲሉ የተዉትን መሸፈኛ መልሰው ለብሰዋል፤ ያንን ያደረገው ነፃ አውጪ ነኝ ባዩ ነው።

ፈረንሳይ ዛሬም ከዚህ አልተላቀቀችም። በ2010 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ፊቷን ሸፍና በአደባባይ የምትገኝን ሴት እስከ 150 ዩሮ ያስቀጣል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 «አብሮ መኖር» በሚል ምክንያት ሕጉን ተቀበለው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ግን በ2018 የሁለት ሴቶችን አቤቱታ መርምሮ መብታቸው ተጥሷል ብሏል። እኔ ከኮሚቴው ጋር ነኝ። ባሏ አስገድዷት የምትሸፈን ሴት ብትኖር፣ መንግሥት በእርሷ ላይ ቅጣት መጣሉ ከቤቷ እንዳትወጣ ከማድረግ በቀር አይረዳትም። ማስገደዱ ወንጀል ከሆነ የሚጠየቀው አስገዳጁ ነው።

እስካሁን ያነሣሁት የመንግሥት እጅ በግልጽ የሚታይበትን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ግርፋትንና እስራትን መቃወም ብዙ ፍልስፍና አይፈልግም። የሚከብደው ሕግም ፖሊስም ሳይኖር ይሉኝታ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው።

ሂጃብ የምትለብስ የረጅም ጊዜ ወዳጅ አለችኝ። ከዓመታት በፊት አብረን ለመውጣት ስትዘጋጅ መስታወት ፊት ቆማ ጨርቁን እያስተካከለች፣ እኔ ደግሞ ከኋላዋ ተቀምጬ ስለ ነፃ ምርጫ እያስተማርኳት ነበር። ሁለት ስፒሎች በከንፈሮቿ መካከል ይዛ ስለነበር መናገር አልቻለችም። አንዱን አገጯ ሥር፣ ሌላውን ከጆሮዋ በላይ ሰክታ ከጨረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ሳደርገው ማንም ምንም አይጠይቀኝም፤ ባወልቀው ግን የሚያውቀኝ ሁሉ ይጠይቀኛል። ለእምነቴ ብዬ እንደምለብሰው አውቃለሁ። ጥያቄውን ፈርቼም እንደሆነ አንዳንድ ቀን እጠራጠራለሁ። ሁለቱን ለይቼ ልነግርሽ አልችልም፤ አንቺ ግን ለይተሽ እንደምታውቂ ሆነሽ አትናገሪኝ» አለችኝ። አፈርኩ። ስፒሎቹ ከንፈሯ ላይ እስካሉ ድረስ ነበር የተናገርኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ «ወዳ ነው የለበሰችው» የሚለውንም ሆነ «ተገዳ ነው የለበሰችው» የሚለውን ፍርድ ከውጭ ሆኜ መስጠት ተውኩ። ፈቃድና ፍርሃት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተጋምደው የሚኖሩ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ለሂጃብ ለባሿ ብቻ የሚነገር አይደለም። ቃላችንን እንይ። ወንድን «ጨዋ ሰው ነው» ስንል አንደበቱ የታረመ፣ የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ ቃሉን የሚያከብር ማለታችን ነው። ሴትን «ጨዋ ናት» ስንል ግን ስንቶቻችን መጀመሪያ ስለ አለባበሷ እናስባለን? ይህን ልዩነት በአዋጅ ያጸደቀው የለም፤ ከአፋችን ሲወጣም አንሰማውም።

ታዲያ ይሉኝታ እንዲህ ጥልቅ ከሆነ የመብት ክርክር ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም። የአንዲትን ሴት ልብ መርምረን ነፃ መሆኗን ማረጋገጥ ባንችልም፣ እምቢ ብትል የሚደርስባትን ግን መመርመር እንችላለን፤ ይህ የሚታይና የሚቆጠር ነገር ነው። ከሥራ ትባረራለች? ከትምህርት ቤት ትመለሳለች? ስትደበደብ ፖሊስ አቤቱታዋን ይቀበላል ወይስ ልብሷን ይጠይቃል? በሴቶች ላይ የሚደረገውን መድልዎ ለማስወገድ በ1979 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአምስተኛው አንቀጹ አንዱን ፆታ የበታች በሚያደርግ አስተሳሰብ ላይ የቆሙ ልማዶችን መንግሥታት እንዲለውጡ ያስገድዳል። ይህ ሐሳብ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን መንግሥት ልማድ ለመለወጥ ሲነሣ በመጀመሪያ እጁ የሚያርፈው በሴቷ ላይ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ከላይ ያነሣኋቸው ታሪኮች ያስፈሩኛል።

ከውጭ ያለን ሰዎች ማድረግ ያለብን ምን እንደሆነ ሳስብ ሱዳናዊቷ ጋዜጠኛ ሉብና ሁሴን ትታወሰኛለች። በ2009 ካርቱም ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ሱሪ ለብሳ ተገኝታ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተያዘች፤ ሕጉ 40 ግርፋት ይፈቅድ ነበር። ለተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ስለምትሠራ ያለመከሰስ ከለላ ሊኖራት ይችል ነበር፤ ሥራዋን ለቃ ለመዳኘት መረጠች። ለችሎቱም እንደ ሠርግ የጥሪ ካርድ አሳትማ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ላከች። በመጨረሻ የተፈረደባትን የገንዘብ ቅጣት አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች፤ የጋዜጠኞች ማኅበር ከፍሎላት በማግስቱ ተፈታች። ሕጉ ለግርፋቱ ግድግዳና ዝምታ ይፈልግ ነበር፤ እርሷ ምስክር ጠራችበት። ከውጭ ያለን ሰዎች በዚያ ካርድ እንደተጠራን እንቁጠር። የተጠራ ሰው ሠርጉን እርሱ አይመራም፤ መቅረትም ግን አይገባውም።

ከወዳጄ ጋር እስከ ዛሬ ያልተስማማንበት የልጆች ጉዳይ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ማንኛዋንም ልጅ ስለለበሰችም ሆነ ስላልለበሰች ሊመልሳት አይገባም እላለሁ። እርሷ በዚህ ትስማማለች፤ ግን አንድ ቀን «የአንቺን እናት ቀሚስሽን እንዳታስረዝም የሚከለክል ሕግ ጻፊ ብትባዪ ምን ብለሽ ትጽፊው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልመጣልኝም።

ጥያቄው እናቴ ዘንድ ወሰደኝ። ያን ቀሚስ ታስታውሰዋለች ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ የክሩን ቀለም ሳይቀር ታስታውሳለች። ለምን እንደቸኮለች ስጠይቃት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት፣ እህቷ ያሳጠረችላትን ቀሚስ ለብሳ ስትሄድ፣ የማታውቀው ሰው በያዘው በትር እግሯን እንደመታት፣ መንገዱ በሰው የተሞላ እንደነበር፣ ቆሞ ያየ እንጂ አንድም ቃል የተናገረ እንዳልነበር ነገረችኝ። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። «ለእናትሽስ?» አልኳት።

«ምን ለብሰሽ ነበር እንዳትለኝ ብዬ ተውኩት» አለችኝ።